ነጋሪና ዋስ፤ «አድቫይዝ» እና «ኮንፈርም» በንግድ ቋንቋ

በውጭ አገር ንግድ የተሠማራ ሰው ከሚጽፋቸውና ከሚቀበላቸው ደብዳቤዎች መካከል «አድቫይዝ» ወይም «ኮንፈርም» የሚል ቃል የማይገኝበት ጥቂት ነው። ሁለቱም ቃላት ዘወትር በዐይን የሚታዩ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ይመስለዋል፤ ተርጕም በተባለ ጊዜም «ማሳወቅ፥ ማረጋገጥ» እያለ አንዱን በሌላው ፋንታ ይፈታቸዋል። በተራ ደብዳቤ ላይ ሲሆን ይህ አፈታት የሚያደርሰው ጕዳት እምብዛም አይደለም። ቃላቱ የተጻፉት ግን በነጋዴ ዘንድ ኤልሲ እየተባለ በሚጠራው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተጫነውን ዕቃ ሙሉ ዋጋ የሚያህልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ፥ ባለሱቅም ሆነ የንግድ ቤት ጸሐፊ፥ እነዚህን ሁለት ቃላት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የቃላቱ ሥር

«አድቫይዝ» በትምህርት ቤት የሚታወቀው ትርጕሙ መምከር ነው። ሐኪም በሽተኛው ጨው እንዲቀንስ፥ ጠበቃም ደንበኛው እንዲታረቅ ቢመክር፥ እንግሊዞች ድርጊቱን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በንግድና በባንክ ደብዳቤ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ አለው፤ ይኸውም ማስታወቅ፥ መልእክት ማድረስ ነው። «ፕሊስ አድቫይዝ ዘ ዴት ኦፍ ሺፕመንት» ብሎ የጻፈ ገዢ፥ ዕቃው የሚጫንበትን ቀን አስታውቁኝ ማለቱ ነው እንጂ፥ ስለ ቀኑ ምክር ስጡኝ ማለቱ አይደለም። ለዚህ ዐይነቱ ደብዳቤ የምክር መልስ የሚጽፍ ጸሐፊ የአሠሪውን የንግድ ቤት ለትዝብት ያጋልጣል።

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፥ ሥሩ «ማየት» የሚል ግስ ነው። ዐማርኛም «አስተያየት» የሚለውን ቃል ያወጣው «አየ» ከሚለው ግስ ስለ ሆነ፥ የሁለቱ ቋንቋዎች አካሄድ በዚህ ረገድ ይመሳሰላል። ነገርን ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ ባየው ላይ ተመሥርቶ ይመክራል፥ ወይም ያየውን እንዳየው ይናገራል። የባንክ አድቫይዝ ይህ ሁለተኛው ነው። ግሱ «አድቫይዝ» ተብሎ ሲነበብ ስሙ «አድቫይስ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም ግሱ በ«ኤስ»፥ ስሙ በ«ሲ» ይጻፋል። ባንኮች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት «ክሬዲት አድቫይስ» የተባለው ወረቀት ገንዘብ በሒሳብ መግባቱን የሚያስታውቅ ነው፤ ወረቀቱ ስለ ገንዘቡ ይናገራል እንጂ ራሱ ገንዘብ አይደለም።

«ኮንፈርም» የተገኘው ደግሞ «ጽኑ» የሚል ትርጕም ካለው «ፊርሙስ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። ጣሊያኖችም ስምን በወረቀት ግርጌ ጽፎ ነገርን የማጽናትን ሥራ ከዚሁ ሥር አውጥተው «ፊርማ» አሉት፤ ቃሉም ከእነርሱ ወደ ዐማርኛ ገባ። እንግዲህ «ኮንፈርም» እና «ፊርማ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ነጋዴ ይህን ብቻ ቢያስታውስ ከብዙ ስሕተት ይድናል፤ «አድቫይዝ» ያደረገ አይቶ የተናገረ ነው፥ «ኮንፈርም» ያደረገ ፈርሞ የታሰረ ነው።

ይህ ልዩነት በዕለት ተዕለት ደብዳቤም ይታያል። ሻጭ ለገዢው «ትእዛዝዎ መድረሱን አድቫይዝ እናደርጋለን» ብሎ ቢጽፍ፥ መድረሱን ብቻ ተናገረ እንጂ ገና አልሸጠም። «ትእዛዝዎን ኮንፈርም እናደርጋለን» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን፥ በተጠቀሰው ዋጋና መጠን ለመሸጥ ተስማምቷል ተብሎ ሊያዝ ይችላል። የዕቃውን መኖር ሳያይ ሁለተኛውን ቃል የሚጽፍ ሰው በገዛ እጁ ራሱን ያስራል።

በመተማመኛ ሰነድ ላይ ያላቸው ትርጕም

መተማመኛ ሰነድ ማለት የገዢው ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የመክፈል ቃል ኪዳን ነው። ሻጩ በሰነዱ የተዘረዘሩትን ወረቀቶች፥ ለምሳሌ የዋጋ ኢንቮይሱን፥ የመርከብ መጫኛ ሰነዱንና የዕቃውን የትውልድ አገር ማስረጃ፥ በተወሰነው ቀን ውስጥ አሟልቶ ያቀረበ እንደ ሆነ ባንኩ ይከፍላል። ይህ ሥራ በመላው ዓለም የሚመራው ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ሲሆን፥ አሁን የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው፥ 39 አንቀጾች ያሉት ደንብ፥ ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው።

ሻጩና የገዢው ባንክ በተለያዩ አገሮች ስለሚገኙ፥ ሰነዱ ለሻጩ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሻጩ አገር ባለ ባንክ በኩል ነው። የሁለቱ ቃላት ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በደንቡ 9ኛ አንቀጽ መሠረት አድቫይዝ የሚያደርገው ባንክ ለሁለት ነገር ብቻ ኀላፊ ነው። አንደኛ፥ ሰነዱ ከላኪው ባንክ በእውነት የመጣ መሆኑን ከውጭ በሚታየው ምልክት ይመረምራል። ሁለተኛ፥ የደረሰውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሻጩ ያስተላልፋል። ገንዘቡን ለመክፈል ግን አንዳች ግዴታ አይገባም። በ8ኛው አንቀጽ የተነገረው ኮንፈርም የሚያደርግ ባንክ ግን፥ ሰነዱን የከፈተው ባንክ በገባው ግዴታ ላይ የራሱን ሁለተኛ ግዴታ ይደርባል። ወረቀቶቹ በትክክል ተሟልተው ለእርሱ ወይም በሰነዱ ለተሰየመው ባንክ ከቀረቡ፥ ሰነዱን የከፈተው ባንክ ከፈለም አልከፈለም እርሱ የገባውን ግዴታ መፈጸም አለበት።

ይህንን ነገር የአገራችን ሰው በራሱ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። «እገሌ ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሏል» ብሎ መልእክት ያመጣ ሰው ነጋሪ ነው። «እርሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የቆመ ሰው ዋስ ነው። ባለዕዳው በጠፋ ጊዜ ባለገንዘቡ የሚይዘው ዋሱን ነው፤ ነጋሪውን የሚይዝ ዳኛ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1922ኛው አንቀጽ ዋስትና በግምት እንደማይያዝና በግልጽ መነገር እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ስለ ባንክ መተማመኛ ሰነድ የተጻፈ ባይሆንም፥ በውስጡ ያለው አስተሳሰብ ለዚህም ነገር ይስማማል፤ ዋስ ነኝ ያላለ ባንክ ዋስ አይደለም።

«ተረጋግጧል» የሚለው ቃል የሚያመጣው ስሕተት

ስሕተቱ የሚበዛው ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ በዐማርኛው ትርጕም ምክንያት ነው። «ኮንፈርም» በብዙ ሰው አፍ «ማረጋገጥ» ተብሎ ይተረጐማል። ነጋሪው ባንክ የሰነዱን እውነተኛነት ሲመረምር የሚሠራው ሥራም በዐማርኛ «ማረጋገጥ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል ማለት ነው። የሚከተለው ምሳሌ ይህንን ያስረዳል።

አንድ ላኪ 5 ኮንቴነር ሰሊጥ ለውጭ አገር ገዢ ሸጦ፥ በአዲስ አበባ ባለ ባንክ በኩል ኤልሲ ደረሰው ይባል። ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ወደ ባንኩ ሄዶ «ኤልሲው ተረጋግጧል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የባንኩ ሠራተኛም መዝገቡን አይቶ «አዎን፥ ተረጋግጧል» ብሎ ይመልስለታል። ሠራተኛው አልዋሸም፤ መልእክቱ ከትክክለኛው ባንክ መምጣቱ በእርግጥ ተመርምሯል። ነጋዴው ግን የአዲስ አበባው ባንክ ዋስ ሆነልኝ ብሎ፥ ሰሊጡን በጅቡቲ ወደብ በኩል ይልካል። መርከቡ ከሄደ፥ ወረቀቶቹም ከቀረቡ በኋላ በገዢው አገር የውጭ ምንዛሪ ይጠፋል፤ ሰነዱን የከፈተው ባንክ ዛሬ ነገ እያለ ሳይከፍል ወራት ያልፋሉ። ነጋዴው ወደ አዲስ አበባው ባንክ ተመልሶ «ተረጋግጧል ብላችሁኝ አልነበረምን?» ሲል፥ «እኛ የነገርነዎት ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን ነው፤ እንከፍላለን አላልነዎትም» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ መራራ ቢሆንም በደንቡ መሠረት ትክክል ነው።

እንዲህ ያለው የውጭ ምንዛሪ ችግር ተረት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ስሪላንካ የውጭ ምንዛሪ ክምችቷ ተሟጥጦ፥ በኤፕሪል ወር የውጭ ዕዳዋን መክፈል ለጊዜው ማቆሟን አስታውቃለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የገዢው ባንክ ታማኝ፥ ገዢውም ሀብታም ቢሆን፥ በአገሩ ገንዘብ የተከማቸው ሀብት ወደ ዶላር የሚለወጥበት መንገድ ይጠብበታል። ላኪው ከሌላ አገር ባለ ጽኑ ባንክ ኮንፈርም የሚያስደርገው ለዚህ ዐይነቱ ቀን ነው።

ስለዚህ በንግድ ቤትም ሆነ በባንክ መስኮት ሦስቱን ሥራዎች በሦስት ቃላት ለይቶ መጥራት ይበጃል። የሰነዱን እውነተኛነት መመርመር «ማረጋገጥ» ይባል። ሰነዱን ለሻጩ ማድረስ «ማስታወቅ» ይባል። ሁለተኛ የመክፈል ግዴታ መግባት ግን «ማጽናት» ይባል። ነጋዴም ባንኩን ሲጠይቅ «ተረጋግጧል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ባንካችሁ የራሱን ኮንፈርሜሽን ጨምሮበታል ወይ? ገዢው ባንክ ባይከፍል እናንተ ትከፍላላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ከሰነዱ ላይ የት ይገኛል?

መተማመኛ ሰነድ ዛሬ የሚተላለፈው ስዊፍት በተባለው የባንኮች የመልእክት መረብ ሲሆን፥ የመልእክቱ ዐይነት ኤምቲ 700 ይባላል። በዚህ መልእክት ውስጥ 49 ቍጥር በተሰጠው መስመር ላይ ከሦስት ትእዛዞች አንዱ ይጻፋል። «ኮንፈርም» የሚል ከሆነ፥ ሰነዱን የከፈተው ባንክ ሌላው ባንክ እንዲያጸናለት ጠይቋል ማለት ነው። «ሜይ አድ» የሚል ከሆነ፥ ተቀባዩ ባንክ ማጽናት ይችላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ሲጠይቅና ዋጋውን ሲከፍል የሚደረግ ነው። «ዊዝአውት» የሚል ከሆነ የማጽናት ጥያቄ የለም፤ ሰነዱ የሚነገር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በ49ኛው መስመር «ኮንፈርም» የሚለውን ቃል አይቶ የሚደሰት ነጋዴ ገና መቸኰል የለበትም። ይህ ቃል ከአንዱ ባንክ ለሌላው የተላከ ጥያቄ እንጂ የተጠየቀው ባንክ መልስ አይደለም። በደንቡ መሠረት የተጠየቀው ባንክ ማጽናቱን ካልፈለገ ይህንኑ ለጠያቂው ባንክ ሳይዘገይ አስታውቆ፥ ሰነዱን ያለ ኮንፈርሜሽን ለሻጩ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ዐይን ማረፍ ያለበት ባንኩ ከሰነዱ ጋር በሚልከው የራሱ ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው «ዊ ሂርባይ አድ አወር ኮንፈርሜሽን» የሚል ከሆነ ባንኩ ዋስ ሆኗል። «ዊዝአውት ኢንጌጅመንት ኦን አወር ፓርት» የሚል ከሆነ ነጋሪ ብቻ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የጸና ሰነድ በኋላ የተሻሻለ እንደ ሆነ ዋስትናው ማሻሻያውን ተከትሎ በራሱ አይሄድም። ለምሳሌ መኪና ዘግይቶ መርከቡ ስላመለጠ ላኪው የመጫኛው ቀን እንዲራዘም ጠይቆ ማሻሻያ ቢመጣለት፥ አጽኚው ባንክ በ10ኛው አንቀጽ መሠረት ማሻሻያውን ሳያጸና አድቫይዝ ብቻ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህንንም በደብዳቤው መግለጽ አለበት። ደብዳቤውን ሳያነብ በተራዘመው ቀን የሚጭን ነጋዴ ዋስ ያለው መስሎት ያለ ዋስ ይጭናል። ስለዚህ በየማሻሻያው ያው ጥያቄ እንደገና መጠየቅ አለበት።

አስመጪው ማወቅ የሚገባው

አስመጪውም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። የውጭ አገር ሻጭ በፕሮፎርማው ላይ «ኮንፈርምድ ኤልሲ» ብሎ በጠየቀ ጊዜ አስመጪው እንደ ስድብ ሊቈጥረው አይገባም፤ እርሱም ሻጭ በሆነ ጊዜ ይህንኑ ይጠይቃልና። ነገር ግን ዋስትና በነጻ አይገኝም። አጽኚው ባንክ ስለሚሸከመው ስጋት ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም እንደ አገሩ፥ እንደ ባንኩና እንደ ጊዜው ርዝመት ይለያያል። ስለዚህ ማን እንደሚያጸናና የማጽናቱን ዋጋ ገዢው ወይስ ሻጩ እንደሚከፍል በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፥ በትርፉ ስሌት ያልገባ ወጪ በኋላ መጥቶ የዕቃውን ዋጋ ያዛባል።

የኮንፈርም ወሰን

ኮንፈርም ጠንካራ ቃል ቢሆንም ሁሉን የሚችል አይደለም። ባንኮች የሚመለከቱት ወረቀት ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። አጽኚው ባንክ ወረቀቶቹ ከቀረቡለት ቀን ማግሥት ጀምሮ ቢበዛ በ5 የባንክ ሥራ ቀኖች ውስጥ መርምሮ፥ ጕድለት ያገኘባቸው እንደ ሆነ አልቀበልም ሊል ይችላል። በመጫኛ ሰነዱ ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ፥ የተጠየቀው ማስረጃ ከጐደለ፥ የዋስትናው ገመድ ይበጠሳል። ዋስ የሚይዘው ድርሻውን በትክክል ለፈጸመ ሻጭ ነው። ስለዚህ ኮንፈርሜሽን ያገኘ ላኪ ጸሐፊውን በወረቀቱ ሥራ ላይ እንዲተጋ ያድርገው እንጂ፥ ነገሩ አልቋል ብሎ አይዝናና።

ለባለሱቅ

ኤልሲ ከፍቶ የማያውቅ ባለሱቅ ይህ ትምህርት እኔን አይመለከተኝም እንዳይል፥ የሁለቱ ቃላት ልዩነት በጠረጴዛው ላይ በየቀኑ ይገጥመዋል። ደንበኛ የሚጽፈው ተራ ቼክ የደንበኛው ቃል ነው፤ ሲፒኦ ግን ባንኩ ራሱ እከፍላለሁ ያለበት ወረቀት ነው። ገዢ በስልኩ መስታወት ላይ «ገንዘቡ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ሲያሳይም ያሳየው አድቫይስ ነው፤ ገንዘቡ መግባቱን ባለሱቁ ከገዛ ሒሳቡ እስኪያይ ድረስ ዕቃው ከመደርደሪያው ባይወርድ ይሻላል። ሲፒኦውም ቢሆን እውነተኛ መሆኑ ከባንኩ ሊጠየቅ ይገባል፤ የሐሰት ወረቀት ማንንም አያስርምና።

የአገራችን ሰው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲል ቃልን የሚያከብረው የተናገረው ሰው የራሱ ሲያደርገው ነው። የሌላውን ቃል አድርሶ የተመለሰ መልእክተኛ በታማኝነቱ ይመሰገናል እንጂ ዕዳ አይጠየቅም። ነጋዴም ከባንክ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት፥ ዕቃውንም ከመጫኑ በፊት፥ ይህ ባንክ ነግሮኛል ወይስ ዋስ ሆኖልኛል ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ካገኘ በኋላ ይጫን።